ያልተነሳሁበት ወንበር

ይህ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ክፍል ውስጥ።

ሰዓቱን የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ "ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ አታሏት ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። አልተኛሁም። አልጠጣሁም። መድኃኒትም አልወስድም።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ደግሞ ስትሰሙኝ "ምነው አልፈራችም?" ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ፍርሃትም ሐዘንም እኔ ዘንድ ድርሽ ብለው አያውቁም። ቀብሯ ላይ ሰው ሁሉ ሲላቀስ እኔ የማስበው ጫማዬ ላይ ስላለው ጭቃ ነበር።

ሥራዬ ጥናት ነው። የሚና ጨዋታ የተጎዳን ሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያክም እናጠናለን። ሰዎቹ በክብ ይቀመጣሉ፣ አንድ የፈጠራ ታሪክ ይሰጣቸዋል፣ በታሪኩ ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ዳይስ ይጣላል፣ በወጣው ቁጥር ታሪኩ ይቀጥላል። ክፍሉ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች አሉት፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለሆነ ካርቶን አጥፈን ከሥሩ አድርገንለታል።

የልጆች ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር።

ከዚያ ግን ስሙን ለመናገር እንኳ ላብ የሚያጠምቀውን ልብስ ሰፊ አየሁት። በታሪኩ ውስጥ አዋጅ ነጋሪ ነበር። አንድ ቀን ተነስቶ፣ አንዴም ሳይንተባተብ፣ አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አወረደው። ሲጨርስ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ።

እያንዳንዱ ሚና የራሱ ሻርፕ አለው። ሻርፑን ያጠለቀ ሰው ሌላ ሰው ነው። ጨዋታው ሲያልቅ እኔ በየተራ ፊታቸው ቆሜ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

"ማን ነዎት?"

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ቤት ማን ይጠብቅዎታል?"

መልሰው፣ ሻርፑን ቅርጫት ውስጥ ከተው፣ ከወንበሩ ይነሳሉ። መውጫ እንለዋለን። ጡረታ የወጡት መምህርት ሦስተኛውን ጥያቄ ሁልጊዜ "ድመቴ፤ እሷም ለሥጋው ስትል" ብለው ነው የሚመልሱት። ሁላችንም እንስቃለን። እኔ የምስቀው ሌሎቹ ስለሚስቁ ነበር።

ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር በሁለት ነገር አይደራደሩም። ማንም ሳይወጣ አይሄድም። የሚያወጣ ሰው ደግሞ አይጫወትም።

ለምን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"ያልወጣ ሰው ቤቱ አይደርስማ" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር... ዶክተሩ ግን ቀልድ አያውቁበትም።

አንድ ሰው ብቻ ሳይወጣ አምልጦናል። አደጋ አድርሶ መሪ መጨበጥ ያቃተው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጨዋታው መሐል ስልኩ ጮኸ፤ ልጅህ ወድቋል አሉት። ከነሻርፑ እየሮጠ ወጣ።

በሳምንቱ ሚስቱ መጣች። ልታመሰግነን ነው የመጣችው። ልጁ ደህና ነው። ባሏም መሪ ጨብጧል፣ እንቅልፍ ይተኛል፣ ልጆቹን ያስቃል። እኔም "ለውጡ በጣም ጥሩ" ብዬ መዘገብኩ።

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንድ ነገር ግን..."

"ምን?"

"ከቤታችን ፊት ለፊት... አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ አንድ ሰው ይቀመጣል። ዝናብም ቢሆን ይቀመጣል።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ቡናማ ጃኬት የለበሰ። ክርኑ ላይ ተጥፏል።" መሬት መሬቱን አየች። "እኔ ነኝ የጣፍኩት።"

የጃኬቱን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ፤ ሁሉም ነገር ለእሷ ነውና። ሁለት ነን። አባቷ ሌላ አገር ነው ያለው። ጠዋት ስወጣ መስኮቱ ጋ ትመጣና ትንፋሿን መስተዋቱ ላይ እፍ ትላለች። ከዚያ በጣቷ ክብ ፊት ትሥላለች። እኔ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆሜ አየር ላይ እሥልላታለሁ።

እናቴ ከሞተች በኋላ መሣሉን ተውኩት። እጄ እንቢ አለኝ። ልጄ ግን አልተወችም። በየቀኑ ትሥላለች፣ ትጠብቃለች... እኔ ዞር ብዬ እሄዳለሁ። ሳቋም ቀስ በቀስ ጠፋ። ይህን አያለሁ፣ አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም ነበር።

ያ ቀን መጣ።

በታሪኩ ውስጥ በር ጠባቂ የሆነችው ነርስ አሞኛል ብላ ቀረች። ዶክተሩም ስብሰባ ሄደዋል። የመጡት ልብስ ሰፊውና መምህርቷ ብቻ ናቸው። ታሪኩ ደግሞ መንገደኞቹ ሲፈልጉት የከረሙት ቤት ደጃፍ ላይ ደርሷል። በር ጠባቂ ከሌለ አይገቡም።

እንበተን ልል ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"እ... እ... እርስዎ ይ... ይቀመጡ" አለኝ።

አንድ ቀን ምን አለበት አልኩ። ግራጫውን ሻርፕ ጠምጥሜ የነርሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ዳይሱ ተጣለ። መምህርቷ በመንገደኛ ሚናቸው ፊቴ መጥተው ቆሙ። በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

"ውስጥ ማን አለ?"

"ጌታዬ አሉ" ማለት ነበረብኝ። ታሪኩ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ከአፌ የወጣው ግን...

"እናቴ ናት።"

"ምን ታደርጋለች?"

"ተኝታለች። አትቀስቅሷት።"

ከዚያ አለቀስኩ። ስቅስቅ ብዬ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ። መምህርቷ ከሚናቸው ሳይወጡ እጄን ያዙኝ። የጣታቸው ሙቀት ተሰማኝ። ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ማረፏ ተሰማኝ። የልጄ ናፍቆት እንደ አዲስ አንገበገበኝ። አሁኑኑ ሄጄ አቅፋታለሁ፣ ስለ አያቷ እነግራታለሁ፣ ነገ ጠዋት መንገዱ ላይ ቆሜ ክቡን እሥልላታለሁ አልኩ።

ጨዋታው አለቀ። ከወንበሩ ሳልነሳ መምህርቷን ጠየቅኳቸው። ድመታቸውን ጠቅሰው ተነሱ። ልብስ ሰፊውን ጠየቅኩት። ተንተባትቦ መለሰ፣ ተነሳ። ሁለቱም ተሰናብተውኝ ሄዱ።

እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ያሰብኩት ቅርጫቱን ሳነሳ ነው። ሻርፔን ልክተት ብዬ አንገቴን ዳበስኩ... የለም። ቅርጫቱ ውስጥም የለም። ወንበሩ ሥርም የለም።

ልቅሶውም የለም። ጉንጬን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ናፍቆቱን ፈለግኩት፤ የተነቀለ ጥርስ ቦታ ይመስል ባዶ ነው።

ደረጃው ላይ ግን አንዲት ሴት እየሮጠች ስትወርድ ሰማሁ። እያለቀሰች ነበር። መምህርቷ ናቸው አልኩ። መምህርቷ ግን በጉልበታቸው ምክንያት አይሮጡም።

ታች ስደርስ ሽማግሌው ጥበቃ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሁልጊዜ "ሰዎችሽን አጫውተሽ ጨረስሽ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ያን ቀን አልቀለዱም።

"አንቺ ልጅ... አሁን አይደል እንዴ የወጣሽው?"

"ሌላ ሰው ይሆናል ጋሼ።"

"ዓይኔ ደክሟል፤ ይህን ያህል ግን አይደለም። 'ልጄ ጋ ልድረስ' ብለሽኝ ነው የሄድሽው።"

አልፌያቸው ወጣሁ። ልቤ እንኳ ፈጥኖ አልመታም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጎረቤታችን ቤት ነው የምትቆየው። በሩን አንኳኳሁ። ጎረቤቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከፈተችልኝና ግር አላት።

"ምን ረሳሽ?"

"ልጄን ልወስድ ነው።"

"ወስደሻት የለም እንዴ! ደጁ ላይ ተቃቅፋችሁ ስትላቀሱ እኔንም አስለቀሳችሁኝ።" ፈገግ አለች። "እሰይ። ይኸው ወጣልሽ።"

ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጫማዎቼ ደጃፉ ላይ ናቸው። እግሬን አየሁት... እነዚያኑ ጫማዎች አድርጌያለሁ።

ቁልፌ ዞረ። በሩ ግን ከውስጥ በሰንሰለት ተይዟል። በክፍተቱ የልጄን ሳቅ ሰማሁ። የጥንቱን፣ ትን እስኪላት ድረስ የምትስቀውን ሳቅ።

ከዚያ አንዲት ሴት ወደ በሩ መጣች።

ፊቷን አልገልጽላችሁም። በየቀኑ መስተዋት ላይ የማየው ነው። ዓይኖቿ ብቻ በልቅሶ ቀልተዋል። አንገቷ ላይ ግራጫው ሻርፕ አለ።

አልተቆጣችም። እኔ ሰዎቹን በማናግርበት ለስላሳ ድምፅ አንሾካሾከች።

"ማን ነሽ?"

"የልጅቷ እናት ነኝ።"

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ጥናት።"

የራራችልኝ መሰለኝ።

"ቤት ማን ይጠብቅሻል?"

አፌን ከፈትኩ። "ልጄ" ማለት ነው፤ አንድ ቃል ነው። አላወጣሁትም። ማንን ነው የምትጠብቀው? ስትሥል ዞር ብዬ የምሄደውን እኔን?

ልጄ በሴትየዋ ክንድ ሥር ብቅ አለች። አየችኝ። አልደነገጠችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝና እጇን በሩ ላይ አድርጋ... ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚደረገው፣ ዘጋችው።

በማግስቱ ዶክተሩ ጋ ሄጄ ነበር። ደረጃው ላይ አገኙኝ። ገና ሲያዩኝ ገባቸው። ዓይናቸውን ከእኔ ሸሸት አድርገው "እሷ ፎቅ ላይ ናት፣ እየሠራች ነው" አሉኝ። ከዚያ አልፈውኝ ወረዱ። ምናልባት ለእሳቸውም ለውጡ በጣም ጥሩ ነው።

አሁን ይህን የምጽፈው ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። አይርበኝም። አይበርደኝም። ትናንት አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የጃኬቱ ክርን ተጥፏል። ቤቱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ እንዴት እንዳገኘኝ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ ጠዋት ሴትየዋ ወደ ሥራ ስትወጣ ልጄ መስኮቱ ጋ መጣች። እፍ አለችበት፣ ክቡን ሠራች፣ ሁለት ዓይንና ፈገግታ ጨመረችበት። ሴትየዋም መንገዱ ላይ ቆማ አየር ላይ ሣለችላት። ልጄ በሳቅ ፈነደቀች።

ሴትየዋ ከመንገዱ እንደታጠፈች ልጄ ከመስኮቱ አልሄደችም።

ወደ እኛ አየች። መስተዋቱ ላይ በድጋሚ እፍ አለች... ከመጀመሪያው ጎን ሌላ ክብ ሠራች።

ጣቴን ላነሳ ሞከርኩ፤ እንቢ አለኝ።

አፍ ሠራችለት። ከዚያ ጣቷን ክቡ ላይ እንዳደረገች ትንሽ አሰበች።

ዓይን አልሠራችለትም።