ያልጠጣሁት ውኃ

እዝራን የጠላሁት ማንሆል ክዳን ላይ ቆሞ ስላገኘሁት ነው። ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሰው ሲሰማው ፊቱን ያጨማድዳል፣ ለምጄዋለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሾፌራችን ከጋሽ ላጲሶ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንሄዳለን። እሳቸው የማንሆሉን ክዳን በብረት ፈልቅቀው ይከፍታሉ፤ እኔ ጠርሙስ በገመድ አውርጄ ፍሳሽ እቀዳለሁ። ጠርሙሱ በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ላቦራቶሪ ይገባና ውስጡ ምን ቫይረስ እንዳለ እንፈትሻለን። ሰው መታመሙን ራሱ ሳያውቅ፣ ሐኪም ቤት ሳይሄድ፣ ፍሳሹ አስቀድሞ ይናገርበታል። እኔ በሥራዬ እኮራለሁ። እናቴ ግን ጎረቤት ሲጠይቃት «ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው» ብላ ቶሎ ወሬ ትቀይራለች።

ያን ዕለት፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው፣ አንድ ረጅም ሰው እጆቹን አጣምሮ ክዳኑ ላይ ቆሟል።

«ከማን አስፈቅደሽ ነው?»

«ፍሳሽ ለመቅዳት?»

«ግቢው ባለቤት አለው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ደብዳቤ አለሽ?»

አልነበረኝም። ሦስት ዓመት ስቀዳ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ለፍሳሽ ደብዳቤ ሲጠየቅ ገና ዛሬ ሰማሁ» አልኩት።

«ዛሬ ከሰማሽ ለሚቀጥለው ይዘሽ ትመጫለሽ። ባለፈው ዓመትም ልንለካ ነው ብለው የመጡ ሰዎች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የውኃ መስመራችንን ቆርጠውት ሄደዋል።»

ባዶ ጠርሙሴን ታቅፌ ተመለስኩ። እስከ ጉርድ ሾላ ድረስ ቃል አልተነፈስኩም። ጉርድ ሾላ የትራፊክ መብራት ሲይዘን በሰውየው ላይ ያወረድኩትን ስድብ ግን ጋሽ ላጲሶ እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ በተራችን ማክሰኞ፣ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው አሁንም ክዳኑ ላይ ነው። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

«ማኅተሙ ደብዝዟል። አይነበብም፤ ተቀባይነት የለውም።»

«ዓይንህን ታከም።»

«ዓይኔ ደህና ነው። አንቺ ማኅተሙን አሳክሚ።»

ይኼኔ ከአራተኛ ፎቅ መስኮት የሴት ድምፅ መጣ። «እዝራ፣ ልጅቷን ተዋት። ሥራዋን ትሥራበት።»

ያ ሁሉ ግትርነት በአንድ ቃል ሟሟ። ክዳኑን ለቆ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ሆዷ የገፋ ሴት መስኮቱን ተደግፋ ፈገግ ትልልኛለች። ገንዘቤ ትባላለች፣ ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቤት የለም፤ አብሯት የሚኖረው ኦሎምፒያ ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው እዝራ ነው። ይህን የነገሩኝ ጋሽ ላጲሶ ናቸው፤ እሳቸው ክዳን ሲከፍቱ የሰፈር ወሬም አብረው ይከፍታሉ።

ያን ቀን የቀዳሁት ናሙና በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ውጤቱ ደረሰ። ሄፓታይተስ ኢ፣ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ። ብዙ ሰው ይህን ቫይረስ ትንሽ ቢጫ ሆኖ፣ ትንሽ ተኝቶ ያልፈዋል። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ይጨክናል፤ እናትንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል። ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ የታየችኝ መስኮቱ ላይ የቆመችው ሴት ናት።

አለቃዬ አቶ ረታ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ።

«ሁለተኛ ናሙና ሳይመሳከር ከዚህ ቢሮ ቃል አይወጣም። ሲወጣም በደብዳቤ ነው የሚወጣው።»

«አቶ ረታ፣ እዚያ ነፍሰ ጡር አለች።»

«አንድ ጊዜ ተሳስተን ሰፈር ሙሉ ሰው አስደንግጠናል፤ አንቺ ያኔ አልነበርሽም። ፍሳሹ ውስጥ ተገኘ ማለት የሚጠጡት ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ማክሰኞ የቧንቧውንም ቅጂና እናያለን።»

ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ያበገነኝ።

ማክሰኞ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እዝራ እንደ ልማዱ አለ፤ ደብዳቤ ግን አልጠየቀኝም። ገንዘቤ ወርዳ ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከግቢው ቧንቧ አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀዳሁና ወደ ማንሆሉ ዞርኩ። ማንሆሉ ውስጥ ግድግዳውን ተሻግሮ የሚያልፍ የውኃ ቧንቧ አለ፤ መጋጠሚያው ሁልጊዜ ጠብ ጠብ ይላል። ቀኑ የውኃ ፈረቃቸው ስለነበር ፎቅ ላይ ያሉት ቤቶች ፓምፖቻቸውን አስነሱ። ፓምፖቹ ማጓራት ሲጀምሩ ጠብታው ቀጥ አለ። አይቼዋለሁ። ልብ ግን አላልኩትም።

ቀና ስል እዝራ አንድ ብርጭቆ ውኃ በትሪ ይዞ ፊቴ ቆሟል።

«እንኪ። ገንዘቤ ናት የላከችልሽ፣ እኔ አይደለሁም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጣ አየኝ። ትልልቅ ዓይኖች አሉት፤ ነጫቸው የሕፃን ዓይን ይመስል ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ዓይነት ዓይን ይዞ እንዴት እንደዚያ ክፉ ይሆናል ብዬ ገረመኝ። እጄን ወደ ብርጭቆው ዘረጋሁና መለስኩት።

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም።»

«ለምን?»

ጾመኛ ነኝ እንዳልል ከአምስት ደቂቃ በፊት ብስኩት ስበላ አይቶኛል። «አልጠማኝም» አልኩ። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል።

«ፊትሽ ሌላ ነው የሚለው።»

ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ውኃውን አፍሉት። በተለይ ለእሷ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ አፍላው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ገባኝ። ውኃችን ቆሸሸብሽ። ቦሌ የታሸገ ለምደሽ ነዋ።»

«ቦሌ ያደግኩት ሰው ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ስለማታውቀው አትናገር።»

ብርጭቆውን ከትሪው አነሳና ዓይን ዓይኔን እያየ እስከ ታች ጨለጠው። ከዚያ ትሪው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። ገንዘቤ ከወንበሯ ሆና ሁለታችንንም ታየን ነበር።

አሥራ አራት ቀን እንዲሁ ተቃጠልኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ መመርመሪያው ኬሚካል አልቆ ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል ተባለ። እኔ ያቺን ብርጭቆ ሳስብ እውላለሁ፤ እሱንም ሳስብ እውላለሁ። ንዴት ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ በንዴት ብቻ የሰው ዓይን እንደዚያ አይታወስም። ወድጄዋለሁ። በዚያ ላይ ጠልቼዋለሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ በነበረው ማክሰኞ ክዳኑ ላይ ማንም አልነበረም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ዘበኛው ለጋሽ ላጲሶ ሲያወራ ሰማሁ፤ ብሎኩ ውስጥ ሁለት ሰው የወፍ በሽታ ይዟቸው ቢጫ ሆነዋል፣ መድኃኒት አዋቂ ጋ ወስደዋቸዋል። የሌሊት ወፍ ጣሪያው ሥር ስለገባ ነው አለ ዘበኛው። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ተነግሮት ጣሪያውን ሊያስደፍነው ነው።

ገመዱ ከእጄ ወደቀ። «ጋሽ ላጲሶ፣ ኦሎምፒያ ይወስዱኛል?»

«ኦሎምፒያ ወደ ላቦራቶሪው መንገዳችን ነው እንዴ?»

«አይደለም። እዝራ የሚሠራበት ሱቅ ነው።»

አዩኝና ሞተሩን አስነሱ።

ሱቁ ፓምፕ ሻጭ ነው። እዝራ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለአንድ ደንበኛ ያስረዳል፦ «ግፊት ባይኖርም አያሳስብዎ። ይኼ ባዶ ቧንቧ ውስጥ ያለችውንም አሟጦ ይስባል።» እግሬ በሩ ላይ ቀረ። ቀጥ ያለችው ጠብታ ያኔ ነው የገባችኝ። ጠብታው የቆመው መጋጠሚያው ተደፍኖ አይደለም። ፓምፖቹ ሲስቡ ቧንቧው ውኃ ማፍሰሱን ትቶ ከማንሆሉ ፍሳሽ ይጠጣ ነበር።

ደንበኛው ሲወጣ እዝራ ዞረ።

«ደብዳቤ ይዘሽ ነው?»

«ገንዘቤ ቤት የገጠምከው እንዲህ ዓይነቱን ነው?»

«ለአሥራ ሁለት ቤት ነው የገጠምኩት። ምን ላድርግ፣ በዚያ ሆዷ ጀሪካን ተሸክማ አራት ፎቅ ትውጣ?»

ነገርኩት። ቫይረሱን፣ መጋጠሚያውን፣ ፓምፑን፣ የወፍ በሽታ ያሉት ምን እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር ላይ ምን እንደሚያደርግ። ምንም አላስቀረሁም። የያዘውን መፍቻ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ፍሳሹ ውስጥ መኖሩን፣ ብርጭቆውን እምቢ ካልኩህ በፊት በነበረው ዓርብ።»

«እያወቅሽ። እሷ ፊትሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ።»

«አፍሉት ብዬሃለሁ።»

«ዝም ብለህ አፍላው ነው ያልሽኝ። እንደ ሰው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«እንደ ሰው አናግረኸኝ ታውቃለህ?»

«ውጪልኝ» አለ። ሊያስወጣኝ ከባንኮኒው ጀርባ ወደ በሩ መጣ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኖቹን አየሁ። ያ ነጭ የለም። ቢጫ ሆነዋል።

«እዝራ፣ ዓይንህ።»

«ምን ሆነ?»

«ምግብ ያስጠላሃል?»

«ሳምንት ሆነኝ» አለ። «ድካም መስሎኝ ነው።» ከዚያ ፊቱ ከሰል መሰለ። ስለራሱ አንድ ነገር አልጠየቀኝም። «ገንዘቤስ?»

ከኦሎምፒያ የካ አባዶ መቼም ሩቅ ነው፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለ። ጋሽ ላጲሶ ጡሩምባውን እየነፉ በየቀዳዳው ይሹለከለካሉ። እዝራ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር የሚያወራው። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ ገንዘቤ አሥራ አምስት ነበረች። ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች አሳደገችው። «በሕይወቴ ለእሷ ያደረግኩላት አንድ ነገር ያ ፓምፕ ነው» አለና እጄን ያዘኝ። ይቅር ብሎኝ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አልለቀቅኩትም።

ገንዘቤ በሩን ከፈተች። ሰላም እንኳ ሳልላት አገጯን ይዤ ወደ መስኮቱ አዞርኳትና የዓይኗን ቆብ ሳብ አደረግኩ። ነጭ ነው። ሌላውንም አየሁ። ነጭ።

«ምን ሆናችሁ እናንተ ልጆች?» አለች።

ከኋላዋ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ውኃ ይንተከተካል።

«የምትጠጪው አፍልተሽ ነው?» አልኳት።

«ውኃውን ከመለስሽበት ቀን ጀምሮ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ላብ ውኃ እምቢ ያለች ሴት አንድ የምታውቀው ነገር ቢኖራት ነው አልኩ። ለዚህም ነግሬው ነበር። እልኸኛ አይደል፣ ከቧንቧው እየቀዳ ፊቴ ይጠጣል።» ያኔ ነው ወንድሟን ልብ ብላ ያየችው። «ምነው እዝራ፣ ዓይንህን ምን ነካው?»

እዝራ በሩን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወስጃት ደሟ ተመረመረ፤ ንጹሕ ነው። እሱ ተኛ ቢባልም አልተኛም። ቢጫ ፊቱን ይዞ የአሥራ ሁለቱን ቤት በር እያንኳኳ ፓምፖቹን በገዛ እጁ ፈታ። «የሸጥክልን አንተ፣ የምትነቅለው አንተ» እያሉ ስድብ አወረዱበት። አንዲት ሴትዮ መፍቻውን ነጥቃ በመስኮት ወረወረችበት። ወርዶ አነሳና ተመልሶ ወጣ። ውኃው እንዲፈላ፣ መጋጠሚያው እስኪቀየር ቧንቧው እንዳይነካ ለሁሉም ነገራቸው። የእኛ ደብዳቤ የደረሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ ወደቀ። አምስት ሳምንት አልጋ ላይ ነበር። ከሥራ ስወጣ ከጉርድ ሾላ ታክሲ ተሰልፌ እሄዳለሁ። ስንጨቃጨቅ እናመሻለን፤ እሱ ጥብስ ካልበላሁ ይላል፣ እኔ ሾርባውን አፉ ላይ እይዛለሁ።

«መቼ ነው ይቅር የምትለኝ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንቺስ?»

«እኔ ገና ነኝ።»

«እኔም ገና ነኝ» አለና ሾርባውን ጠጣ።

ገንዘቤ በግንቦት ሴት ልጅ ወለደች። እኔ በዚያው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ያልተመሳከረ ውጤት ለውጭ ሰው አሳልፎ መስጠት ይላል። የፈረሙት አቶ ረታ ናቸው፤ ሲሰጡኝ ፊቴን ማየት አልቻሉም። ሁለት ቀን አለቀስኩ። ሌላ ጥፋት ከተጨመረ ከሥራዬ እባረራለሁ፤ ያን ሥራ ደግሞ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድም እወደዋለሁ።

ሰኔ ላይ አንድ ማክሰኞ ክዳኑ ጋ ስንደርስ እዝራ ብረቱን ከጋሽ ላጲሶ ተቀብሎ ራሱ ከፈተልኝ። ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። መጋጠሚያው አዲስ ነው፤ ጠብታ የለውም። ጠርሙሴን ቀድቼ ስጨርስ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም፤ ለሌላ ሰው አላሳየሁትም።

እስከ መጨረሻው አነበበው። መንጋጋው ሲጠብቅ አየሁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላበጠው፤ ዓይኖቹ እንደ በፊቱ ነጭ ሆነዋል።

«ማኅተሙ ደብዝዟል» አለ። «አይነበብም፤ ተቀባይነት የለውም።»

ሳቄ ከእንባዬ ጋር መጣ። ደብዳቤውን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ አልመለሰልኝም። ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ብርጭቆ ውኃ በትሪ ይዞ ወረደ።

«ገንዘቤ ናት የላከችልኝ?» አልኩት።

«አይደለችም። ዛሬ እኔ ነኝ።»

ተቀበልኩት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ እስከ ታች ጨለጥኩት፤ ብርጭቆውንም ትሪው ላይ ደፋሁት። ውኃው ከምድጃ ከወረደ ብዙም አልቆየም መሰለኝ፣ ገና ለብ ያለ ነበር።