የጅቡ ቀዳዳ

ዮሴፍ በኮምፒውተር ማሽኖቹ ክፍል ወለል ላይ በባዶ እግሩ ተዘርሯል። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ እሳት ሳይነሳ ተለቆ፣ በሩም ተቆልፎበት ታፍኖ ሞተ። ኢንስፔክተር ሥርጉት ፊቱን ትታ እግሩን አየች። ወለሉ በግድግዳው ጥገና ጀሶ ለብሷል፤ የሟቹ ውስጥ እግር ግን ንጹህ ነው።

በሩን ሰብራ የገባችው ባልደረባው ሂክማ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። በባዶ እግሯ ስለገባች ውስጥ እግሯ ነጥቷል። የነጠላ ጫማዋም ሥር ነጥቷል፤ ሥርጉትን የከነከናት ይኸው ነው።

«የሠራሁት ፋየርዎል ካሜራውን፣ ጋዙንና በሩን ከሂክማ ኮምፒውተር በቀር ማንንም አያስነካም» አሉ ኃላፊው አቶ ኒቆዲሞስ። «ካቴናውን ምን ያስጠብቀዋል?»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ታች ቢሮዬ። የወጣሁት እናንተ ስትመጡ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዮሴፍ የእሷን ነጠላ ጫማ አጥልቆ እስከመግባት ተቀራርበው ነበር። ተጣልተው ይሆናል።»

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለች ሂክማ። «እናቴ ታስሬ ካየችኝ ትሞታለች።»

ሥርጉት ሁለቱንና ዘበኛውን ሙባረክን ኃላፊው ቢሮ ሰበሰበች።

«ሂክማ፣ ጫማሽን ከእግሩ ያወለቅሽው አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «የራሱን ጫማ ጀሶ እንዳይነካው በሩ ላይ ሲያወልቅ የእኔን አዋስኩት። ሞቶ ሳገኘው ሰው እንዳያማን ፈራሁ፤ ማንም ሳይደርስ አወለቅሁት።»

«እኔ ስደርስ በባዶ እግሩ ነው» አለ ሙባረክ።

«እንግዲህ ጫማውን እግሩ ላይ ያየው የክፍሉ ካሜራ ብቻ ነው። አቶ ኒቆዲሞስ በምን አዩት?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰውዬው ሊስቁ ሞከሩ። «ፋየርዎሉ እኔንም ይከለክላል።»

«የጀጎል ልጅ ነኝ። አምስቱ በር ቢዘጋም ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ይገባል።» ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጠች። «እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት አድራሻ አለው፤ የድሮውና አዲሱ፣ አይፒቪ ስድስት። የእርስዎ ፋየርዎል የሚጠብቀው የድሮውን ብቻ ነው።» የካሜራውን አዲሱን አድራሻ ጻፈች። ማንም ሳይከለክላት ክፍሉ ስክሪኑ ላይ ወለል ብሎ ታየ። «ካሜራው ከተከፈተልዎ ጋዙና በሩም ተከፍተውልዎታል። ዮሴፍ ይህን ቀዳዳ ዛሬ ለቦርዱ ሊያሳይ እንደነበር ሂክማ ነግራኛለች።»

ኒቆዲሞስ እጃቸውን ሰደው ስክሪኑን አጠፉ። «እስከ ነገ ቢታገሰኝ እደፍነው ነበር» አሉ። «ለመንኩት።»

ካቴናው እሳቸው እጅ ላይ ገባ። አስከሬኑ ሲወጣ ሂክማ ቃሬዛውን አስቆመች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ለዮሴፍ አጠለቀችለት። ሥርጉት ማስረጃ መሆኑን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው።

«አሁን እንደፈለጉ ይሙን» አለች ሂክማ፣ በባዶ እግሯ ቃሬዛውን እየተከተለች።