ጭላሎ ላይ «አቤት» ያለኝ

እኔ ጠንቋይ ቤት የሚመላለስ ሰው ሳይ የምስቅ ነኝ፣ ይሄን የማወራህም ስለማምንበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ ነው፣ ብትስቅብኝ አልቀየምህም። ያኔ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን አሰላ ተመድቤ ለካርታ ሥራ የቦታ ስም የምመዘግብ ጸሐፊ ነበርኩ። ከከተማው ራስጌ ያለው ጭላሎ አራት ሺህ ሜትር ያልፋል ይባላል፣ የእኔ ሥራ ግን ከፍታው አይደለም፣ እያንዳንዱን ጉብታ ያገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቆ መጻፍ ነው።

መንገድ የሚመሩኝ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቱሉ በኦሮምኛ ተራራ ማለት ነው፣ እኔም «ዛሬ ተራራ ተራራ ላይ ወጣ» እያልኩ አሾፍባቸዋለሁ። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን፣ ሰው የሚያህል ጅባራ የበቀለበት ስንደርስ ቆም አሉ።

«ስማ ልጄ፣ ጉም ከመጣ ቱሉ ብለህ እንዳትጣራ። በልጄ ስም፣ አባ ገመቹ በለኝ። እዚህ ቱሉ ብዙ ነው።»

«እሺ አባቴ» አልኩ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ።

እውነቴን ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እሳቸው ጓዛችንን የጫነችውን በቅሏቸውን ሊያጠጡ ወደ ምንጩ ቁልቁል ወረዱ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ ቁጭ ከማለቴ ጉሙ መጥቶ የገዛ ጫማዬን ጋረደኝ። ብርዱስ! የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ብርድ አዲሴ አይደለም፣ ይሄ ግን ጥርሴን አንገጫገጨው። እዚያ ላይ ያደረን ሰው ውርጭ ይገድለዋል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ፈራሁ፣ ያሉኝም ከአእምሮዬ ጠፋ።

«ኦቦ ቱሉ!»

«አቤት!» ከላይ ነው።

እንዴ፣ ወደ ታች አይደል የሄዱት? ግን ጎርነን ያለው የሳቸው ድምፅ ነው። ጥቂት ወጣሁና ደግሜ ጠራሁ፣ «አቤት!» አሁንም ከላይ፣ ራቅ ብሎ። ይሄኔ ያው ድምፅ፣ ያው ራሱ፣ ከታች «ወዴት ነው የምትሄደው? ውረድ!» ብሎ ጮኸ። ግራ ገባኝ። ብሳሳት ገደል አለ። ድንገት ትዝ አለኝና «አባ ገመቹ!» አልኩ።

ከታች ዝም። ከላይ «አቤት ልጄ! እዚያው ቁም፣ መጣሁ!»

አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እኔ በዓይኔ ያየሁት ወደ ታች ሲሄዱ ነው ብዬ ወረድኩ። ኦቦ ቱሉ በቅሎዋን ይዘው ቆመዋል። በቅሎዋን እየሳቡ አሰላ አደረሱኝ፣ ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ስንደርስ እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ሚስታቸው ቢሮ መጡ።

«በቅሎዋ ብቻዋን ገባች። ባሌን የት ጣልከው?»

«አብረን ነው የገባነው እኮ፣ እናቴ!»

ሰው ተሰብስቦ ሦስት ቀን ተራራውን አሰስን፣ «አባ ገመቹ!» እያልን ጉሮሯችን ተዘጋ፣ አቤት ያለን የለም። ሚስታቸው «ባሌ መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» ሲሉኝ፣ «ቁም፣ መጣሁ» ማለታቸውን አልነገርኳቸውም። ምናልባት ከአሰላ ሌላ ጉዳይ ይዟቸው ሄደው ይሆናል፣ ምናልባት በጉሙ የዞረብኝ እኔ ነኝ፣ እንዲያ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እሳቸውን እዚያ ላይ ትቻቸው መጥቼ ከሆነስ? አሰላ ያደረሰኝ ታዲያ ማነው? ጨብጬዋለሁ እኮ፣ እጁ ይሞቃል።