በከረጢት የታሰረችው ብስኩት

መምህሩ የሞቱት ሕፃናቱ ፊት ነው። ከክፍሉ ድግስ ብስኩት አንዱን ገመጡ፣ ጉሮሯቸውን ያዙ፣ ወደቁ። ሐኪሙ ጉሮሯቸው አብጦ ትንፋሽ እንዳሳጣቸው ተናገረ። ስንዴ ለእሳቸው መርዝ መሆኑን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የብስኩቱ ሣጥን ላይ ግን «ስንዴ የለውም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉም የልብስ ሰፊዋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ እዚያው ክፍል፣ ለስድስት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። ታናሽ እህቷ፣ ዳይሬክተሩና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋም እንደ እሷው ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ጎረቤት ትታ ነው የመጣችው። ልጅቷ አባት የላትም፤ ስንዴ ደግሞ አንጀቷን ያቆስላታል። ለእሷ ምሳ መቋጠር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እናቷ ፈንድሻ እንኳ የምትገዛው የማሸጊያውን ጀርባ አንብባ ነው። ዛሬ ከታሰረች ልጇን ማን፣ ምን ያበላታል?

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ጉንዳን» ይሏታል፤ ፍርፋሪ አያመልጣትም። መጀመሪያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች።

«መምህሩ ስንዴ ሲነካቸው የሚወጉት መርፌ የት ነበር?»

«ቢሮዬ፣ መሳቢያ ውስጥ። ቁልፉ ኪሴ ነበር፤ እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር። ሣጥኑን ጠዋት እንደታሸገ ተቀብሎ እንደታሸገ ለመምህሩ እንዳስረከበም ተናገረ።

ሰብሳቢዋ ለአንዲት ልጅ ሲባል ሁሉም ኬክ ተከለከለ ብላ ባለፈው ስብሰባ መቆጣቷን አልካደችም። ብስኩቱ በሪባን ተሰክቶ የልጆቹ አንገት ላይ ይዋል ያለችውም እሷ ናት። ሣጥኑን ግን በእጇ አልነካችም።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለች ልብስ ሰፊዋን ገልመጥ አድርጋ። «የጋገረችው እሷ፣ የምታለቅሰውም እሷ።»

ልብስ ሰፊዋ የምትለው አጭር ነው። ትናንት ጠዋት በሩዝና በበቆሎ ዱቄት ጋገረች፤ ሊጡ ሳለ በእስክርቢቶ ክዳን ቀዳዳ አወጣችለት። ሪባን እንድታስገባበት ለእህቷ ትታ ሥራ ገባች። ስትመለስ ሣጥኑ ታሽጎ ጠበቃት፤ እሷም ጽፋበት አሳደረችው።

«መምህሩ ሁልጊዜ ከልጄ ቀድመው ይቀምሱላት ነበር» አለች። «'እኔ ከተረፍኩ አንቺም ብዪ' ይሏታል። ትስቃለች።»

እሷ ዘንድ ልትኖር ከመጣች አሥር ቀን የሆናት እህቷ «አሰርኩት፣ አሸግኩት» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። ከወለሉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

መርማሪዋ ከሣጥኑ ሪባኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁሉም በብስኩቱ ቀዳዳ አልፈዋል። የመጨረሻዋ ብስኩት ብቻ ውስጡ በሚታይ ትንሽ ከረጢት ገብታለች፤ ሪባኑ የታሰረው ከረጢቱ ላይ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስም ተለጥፎበታል።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ገባት። ብትናገር እህቷን፣ ዝም ብትል ልጇን ልታጣ ነው። መውጫ አጣች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዱቄት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ውሰዱኝ።»

መርማሪዋ ከረጢቱን ፈታ ብስኩቷን አወጣችና በቀዳዳዋ ሪባን ልታስገባ ሞከረች። ብስኩቷ እጇ ላይ ፈረሰች። ከሌሎቹ አንዱን በሪባኑ አንስታ አወዛወዘችው፤ ምንም አልሆነም።

«የሩዝ ዱቄት አይያያዝም፤ ይሄ ያልፈረሰው ግን የስንዴ ነው» አለች። «ብስኩቱን የለወጠው ሰው ሪባን ሲያስገባ የተሰበረበት ሰው ነው። ዳይሬክተሩና ሰብሳቢዋ፣ እናንተ ሁለታችሁ ያያችሁት ታሽጎ ነው። ደግሞ ልጅቷን ይወዳታል፤ ሳትሰበር የተረፈችውን አንዲት ብስኩት ስንዴ እንዳይነካት ለይቶ አስቀመጠላት። ግን መምህሩ ቀድመው እንደሚቀምሱ፣ ስንዴም እንደሚገድላቸው አያውቅም። አንቺ እናቷ ይህን ታውቂያለሽ። እዚህ ካለነው ይህን የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት።»

ሁሉም ወደ ታናሽ እህት ዞሩ።

«ስንዴ የሚጎዳው ልጅቷን ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች በቀስታ። ብስኩቶቹ እጇ ላይ ሲሰባበሩ ሮጣ ጎረቤት ምድጃ ላይ በተራ ዱቄት መተካቷን ተናገረች።

«ለእህትሽ ለምን አልነገርሻትም?»

ታናሺቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቋን ቀና ብላ አየቻት።

«ባለፈው ሳምንት ሰሃን ስሰብር፣ 'እጅሽ አይረባም፤ ሁለተኛ ብታበላሺ ወደ መጣሽበት' አልሽኝ እኮ፣ እትዬ።»

መርማሪዋ በሩን ከፈተች። ለልብስ ሰፊዋ «ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች» አለቻትና ታናሺቱን ክንዷን ያዘች። ታናሺቱ የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«የነገ ምሳዋን ቋጥሬያለሁ» አለች። «ፈንድሻውን ጀርባውን አንብቤ ነው የገዛሁት።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የከለከላት ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚያች ትንሽ ወንበር መነሳት አቃታት።