ፌንጣና የላላው ፍሬን

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እግርህን ሰብስብና ለጓደኛህ ቦታ ስጠው። ጎሽ።

የዛሬዋ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማትችል ሰፈሩ ሁሉ "ፌንጣ" ይላታል። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል አለው፤ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ሲጮህ ይውላል፣ በኋለኛው ይተኛሉ። ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ግን ክፍል አይመርጥም፤ አልጋ ውስጥም ይገኛል።

ፌንጣ አንድ ነገር ትመኝ ነበር፤ ማውንቴን ብስክሌት። ታውቁታላችሁ አይደል? ጎማው ወፍራም የሆነው፣ ዳገት ኮረኮንች የማይለው። ከሰፈራቸው በላይ ጫካ አለ። የክፍሏ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት ወደዚያ ሲወጡ እሷ በእግሯ እየሮጠች ትከተላቸዋለች። ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይልና ትቀራለች።

እናቷ ይህን ታውቃለች። ዓመቱን ሙሉ ከስፌት ከምታገኘው ገንዘብ እየቀነሰች ትንሽ ትንሽ አስቀመጠች። አንድ ቀን "በይ ተነሺ፣ ብስክሌትሽን እንፈልግ" አለቻት። ፌንጣ ከጥድፊያዋ ብዛት ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ ወጣች።

መጀመሪያ አዳዲስ ብስክሌት የሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። የጥሩዎቹ ዋጋ አይቀመስም። በእነሱ አቅም የሚገዛው አንድ ብቻ ነበር፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ፌንጣ ዓይኗ እዚያው ቀረ። እናቷ ግን ጎንበስ ብላ ብረቱ የተበየደበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች።

"ይሄ ስፌት አልተመቸኝም" አለች።

ባለሱቁ ሳቀ። "እትዬ፣ ብየዳ እኮ ነው!"

"ለእኔ ሁለት ነገር የሚገናኝበት ሁሉ ስፌት ነው። ይሄኛው ተቸኩሎ የተሰፋ ነው።"

እናቷ ማርሹን ስትቀይረው ካቴናው ወለቀ። ፌንጣ ብስክሌቱን ልታነሳው ሞከረች፤ እንደ ድንጋይ ከበዳት። አዲስ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ልጆች።

ሲመለሱ ጎረቤታቸው አናጢው ዘንድ ገቡ። ፌንጣ "ጋሼ" ትላቸዋለች። ጋሼ ለብዙ ዓመት ጫካ ውስጥ የነዱት ማውንቴን ብስክሌት አላቸው። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ሊሸጡት ነው። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተፍቋል፤ ኮርቻው ተቀዷል። ጋሼ ግን ጎማውን ከመሬት አንስተው አሽከረከሩት፤ ሳይወላገድ ዞረ። ፍሬኑን ጨበጡት፤ ጎማው ቀጥ አለ። ፍሬሙንም ገልብጠው ስንጥቅ እንደሌለው አሳዩ። እናቷ ደግሞ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መጀመሪያ የፌንጣን እግር፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ለካች።

"ልኳ ነው" አለች።

ጋሼ ዋጋ ጠሩ። ተገቢ ዋጋ ነበር፤ ግን እናቷ ከያዘችው ትንሽ አለፈ።

"ትንሽ አይቀንሱልንም?"

"እስቲ ላስብበት፣ እህቴ። ነገ ጠዋት ኑ። ሁሉን ነገር ደግማችሁ ፈትሹ፤ እንከን ካገኛችሁበት መቀነሴ አይቀርም።"

እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። የፌንጣ እናት ጨርቅ ስትገዛ እንከን አያመልጣትም። ክር የተሳበበት ጨርቅ ካገኘች ባለጨርቁ ይቀንስላታል። እሷም ቤት ወስዳ እንከኑ በስፌቱ ውስጥ እንዲገባ አድርጋ ትሰፋዋለች። ማንም አይጎዳም። ፌንጣ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ በልቧ እንዲህ አለች፦ "ብስክሌቱ ትንሽ እንከን ቢኖረው ዋጋው ይቀንስ ነበር። በኋላ እናስተካክለዋለን።"

አያችሁ? እናቷ የምታገኘው ጨርቁ ላይ የነበረውን እንከን ነው። ፌንጣ ግን ያልነበረውን ልትሠራ ነው።

ወደ ማታ እናቷ አንገቷን ዳሰሰችና "ውይ፣ ሜትሬን ጋሼ ዘንድ ረሳሁት! ሮጥ ብለሽ አምጪልኝ" አለቻት። ፌንጣ ሄደች። ጋሼ ጓሮ ሆነው እንጨት ይልጋሉ። ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብስክሌቱ ግድግዳው ሥር፣ መፍቻው ምስማር ላይ። መፍቻውን አወረደችው። የፍሬኑን ሽቦ የሚይዘውን ብሎን አላላችው። የፊቱንም፣ የኋላውንም።

"ማነው?" አሉ ጋሼ ከጓሮ።

"እኔ ነኝ ጋሼ! ሜትር ልወስድ ነው!"

"ጎሽ የኔ ልጅ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።"

ፌንጣ እየሮጠች ወጣች። ያ "ጎሽ" እስከ ቤት ድረስ ተከተላት።

ጠዋት ቁርስ ላይ እናቷ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። "ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ቁርስ እናመሰግንሃለን። ደግ ጎረቤት ስለሰጠኸንም እናመሰግንሃለን።"

ፌንጣ "አሜን" ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣም አለ።

"ምነው፣ ዛሬ አሜን የለም?"

"ዳቦው አንቆኝ ነው" አለች። ዳቦውን ግን ገና አልነካችውም ነበር።

ሲሄዱ፣ ጋሼ ብስክሌቱን ይዘው በራሳቸው ደጃፍ ላይ ጠበቋቸው። ሄልሜታቸውን አድርገዋል። "ከመፈተሻችሁ በፊት አንዴ ልሰናበተው" አሉ እየሳቁ። "ያቃተኝ ዳገቱ ነው እንጂ ቁልቁለቱማ አያቅተኝም። ታች ደርሼ እየገፋሁት ልመለስ።"

ፌንጣ ይህን አላሰበችም ነበር። እሷ ያሰበችው እናቷ ፍሬኑን ጨብጣ "ይሄማ ላልቷል" እንድትል ነው። ከደጃፋቸው ትንሽ ራቅ ብሎ የሚወርደውን ቁልቁለት አየችው። ታች፣ መንገዱ ላይ፣ መኪና ይመላለሳል። ብትናገር ብስክሌቱ ቀረ፤ እናቷም ታፍራለች። ዝም ብትልስ? ጋሼ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ወደ ላይ ተሰቅሎ ሊያስቅ ምንም አልቀረው፤ ፌንጣ ግን ሳቅ የት አላት! ጎማው መዞር ጀመረ።

"ጋሼ፣ ይቁሙ! ፍሬን የለውም! እኔ ነኝ ያላላሁት!"

ጋሼ ፍሬኑን ጨበጡ፤ ብስክሌቱ አልቆመም። ደግነቱ ቁልቁለቱ ጋ አልደረሱም። በሁለት እግራቸው መሬቱን እየጫሩ እንደምንም ቆሙ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ፌንጣ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ሜትሩ፣ ስለ መፍቻው። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ። "ይቅርታ ጋሼ። ይቅር በይኝ እማዬ። ብስክሌቱ ይቅርብኝ።"

እናቷ ፊቷ አመድ መሰለ። "ጨርቅ ላይ ያለ እንከን ሰው አይገድልም፣ ልጄ" አለች ቀስ ብላ። ወደ ጋሼ ዞራም "አፍሬያለሁ፣ ጋሼ። ደህና ይዋሉ" ብላ የልጇን እጅ ያዘች።

"ቆይ እህቴ፣ ወዴት ነው?" አሉ ጋሼ። "ፌንጣ፣ ነይ። ኮርቻውን እይው።"

ፌንጣ አየችው። ኮርቻው ዝቅ ተደርጓል። ልክ በእሷ ቁመት ነው።

"ትናንት ሜትሩን ወስደሽ እንደሄድሽ ነው ያወረድኩት" አሉ። "ዋጋውንም እናትሽ ባላት ልሰጣችሁ ወስኜ ነበር።"

ልጆች፣ ፌንጣ ያን ጊዜ ይብስ አለቀሰች። ለካ በተንኮል ልትወስደው የነበረው ነገር ቀድሞ ተሰጥቷታል።

"በቃ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ ጋሼ። "በሰዓቱ ስለጮህሽም አመሰግንሻለሁ፤ ያለዚያ ዛሬ ጉድ ፈልቶ ነበር። ያላላሽውን ግን ራስሽ ታጠብቂያለሽ።"

ፌንጣ መፍቻውን ይዛ አጠበቀች። ጋሼ ጨበጥ አድርገው "ገና ነው" አሉ። ደግማ አጠበቀች። አሁን ጎማው ቀጥ አለ። እናቷ ገንዘቡን ከፈለች። "እስከ ቅዳሜ ግን አትነጂውም" አለች። "እስከዚያ የጋሼን የእንጨት ፍቅፋቂ ትጠርጊያለሽ።" ፌንጣ ያለ ማጉረምረም ጠረገች። እናቷም የተቀደደውን ኮርቻ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ አለበሰችው። ጨርቁ ክር የተሳበበት ነበር፤ እንከኑ በስፌቱ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ የጸለየችው ፌንጣ ናት። ለእናቷ አመሰገነች። ለጋሼ አመሰገነች። ለጋሼ ጉልበት፣ ለኮርቻው፣ ለፍሬኑም ሳይቀር አመሰገነች፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። "አሜን" ስትል ድምጿ ከስፌት መኪናው በለጠ። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ዳገቱን ወጣች፤ የዚያን ቀን ግማሽ መንገድ ላይ አልቀረችም።

እንግዲህ ልጆች፣ የምንፈልገውን ነገር በማታለል አንውሰድ፤ ካጠፋንም ሰው ሳይጎዳ ቶሎ እንናገር፤ ለሚወዱን ሰዎችና ለሰጠን ለእግዚአብሔርም ምስጋና አንርሳ።