የብሩክታይት ጥፋት

«ፋሻ ፈልጌ ነበር» አለች ብሩክታይት፣ የመለዋወጫ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ሁለት ክርኖቿን አሳርፋ።

ባለሱቁ በዓይኑ ገረፍ አደረጋትና ወደ ሥራው ተመለሰ። «ፋርማሲው ከመናኸሪያው ማዶ ነው፣ እህት። ማን ተጎዳ?»

«ፒስተን!»

በሩ ላይ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። በእሱ ይሁን በእሷ የሳቁት አልገባትም። መካኒክ ሁሉ በፒስተን ወገብ ላይ የሚጠመጠመውን የብረት ቀለበት ፋሻ እንደሚለው ባለሱቁ ጠፍቶት አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ያውም ቀሚስ የለበሰች፣ ያንን ፋሻ ልትፈልግ ትችላለች ብሎ ማሰብ ነው ያቃተው።

«የቮልስ ነው» አለች። «ባለ አንድ ሺህ ሁለት መቶው ሞተር። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ ብለህ ነበር።»

«እ! የሀብታሙ!» ፊቱ በራ። በዘይት ወረቀት የተጠቀለለውን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረደ። «ምነው እሱ ሳይመጣ? በይ ተጠንቀቂ፣ ቶሎ ነው የሚሰበረው። ጎበዝ መካኒክ ወጥቶታል አሉ። ሰላም በይልኝ።»

ሰላም አላለችለትም። ለምን ትላለች?

ሞተሯን ከመኪናዋ አውርዶ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር በጠረጴዛ ላይ ያጋደማት ታላቅ ወንድሟ ሀብታሙ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነው። እጁን እስከ ክርኑ በዘይት ነክሮ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው ፈታታት። ከዚያ የሰፈር ኳስ ውድድር ተጀመረና ሞተሯ ከዶሮዎቹ ጋር ቀረች። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለአባታቸው የተወችላቸው ቮልስም ሆዷ ባዶውን ግቢው ውስጥ ተገትራ ከረመች።

ብሩክታይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ትጥልና ጠረጴዛው ጋ ትሄዳለች። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በቤንዚን አጠበች። ፒስተኖቹ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት ፋቀች። ያልገባትን ማታ የቦይና ሥር እየላጠች ሀብታሙን ትጠይቀዋለች፤ እሱም አይነፍጋትም፣ አፉን ሞልቶ እያኘከ ይነግራታል። እሱ የማይመልሰው ጥያቄ ሲገጥማት ደግሞ ከጎረቤታቸው ከጋሽ ጩማ ጋራዥ አጥር ሥር ቆማ ሰዎቹ ሲሠሩ ታያለች።

አባቷ አቶ ኤርካሎ ከግብርና ቢሮ ሲገቡ ግን የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ነው። «ብሩክታይት፣ የወንድምሽን ዕቃ አትነካኪ! መጥቶ ሲያጣው ይቆጣል።»

አያቷ እማማ አገርነሽ ከበረንዳው ሆነው ያሽሟጥጣሉ። «አንተ ኤርካሎ፣ ይሄን ዓይንህን ሐኪም ይየው። ልጁ እኮ ኳስ ሜዳ ነው!»

አባቷ ይስቃሉ። ሽሙጥ ሰውን የሚያስቀው ያልገባው ጊዜ ነው።

ፋሻዎቹ የመጡ ዕለት ሀብታሙ መለያውን ለብሶ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ነገራት። «ጠርዙ ላይ 'ቶፕ' የሚል ጽሑፍ አለ። ላይ ማለት ነው። ጽሑፉ ወደ ላይ ይዙር፣ እሺ? ከተገለበጠ ጉድ ነው!»

ላይ። ብሩክታይት ፋሻውን ይዛ ቆመች። የቮልስ ሞተር እንደ ሌላው ሞተር ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ተጋድማ ነው የምትተኛው። ሁለት ፒስተን በአንድ ወገን፣ ሁለት ፒስተን በሌላው ወገን፣ እጁን ዘርግቶ መሬት ላይ እንደተኛ ሰው። ለተጋደመ ነገር ላዩ የት ነው?

ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ላይ የት እንደሆነ አይጠይቅም። ላይ ሰፈር ሲሉት፣ ላይኛው መንገድ ሲሉት፣ አፍንጫው በራሱ ወደ ዳሞታ ተራራ ይዞራል። ታች ማለት ደግሞ የሁምቦ ቆላ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችው ሞተር አንድ ጎኗ ወደ ዳሞታ፣ ሌላው ጎኗ ወደ ሁምቦ ነበር። ብሩክታይት በአራቱም ፒስተኖች ላይ ጽሑፉን ወደ ተራራው አዞረችው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አዩ። ልቧ ረካ፤ የቀረውንም ገጥማ ዘጋቻት።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ሞተሯን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሀብታሙ የኳስ ጓደኞቹን ይዞ መጣ፤ ተሸክመው አስገቡለት። አቶ ኤርካሎ ኮታቸውን ለብሰው መሪውን ጨበጡ። ጋሽ ጩማ ሊመርቁ መጥተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ቁልፉ ዞረ። ቮልሷ አንዴ አሳላት፣ ሁለተኛ አሳላት፣ ከዚያ ተነሣች! ያ እንደ ወፍጮ የሚንገጫገጭ ድምጿ ግቢውን ሞላው።

«ሀብትሽ! ሀብትሽ!» ጓደኞቹ ወደ ላይ ወረወሩት። እማማ አገርነሽ እልል አሉ፤ ዓይናቸው ግን የነበረው ብሩክታይት ላይ ነው።

እልልታው ሳያልቅ ጭሱ መጣ። ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ የሚከረፋ ጭስ። ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ ዋጠ፤ ዶሮዎቹን በተነ።

«ዘይት እየበላች ነው» አሉ ጋሽ ጩማ አፍንጫቸውን ይዘው።

«አዲስ ፋሻ እስኪላመድ ያጨሳል፣ ጋሼ» አለ ሀብታሙ።

ጠበቁ። ጭሱ ባሰበት እንጂ አልተላመደም። አጥር ማዶ አንድ ሰው እየሳለ ተሳደበ። አቶ ኤርካሎ ሞተሯን አጠፉና ወረዱ። ቢሮ ውስጥ ሰኞ በራሴ መኪና ነው የምመጣው ብለው አውርተዋል፤ ፊታቸው ያንን ይናገራል።

«በቃ። ጋሽ ጩማ፣ ጎትተህ ጋራዥ አስገባልኝ። የልጅ ሥራ እንዲህ ነው፤ አዋቂ ይክፈታት።»

ጋሽ ጩማ ገመድ ሊያመጡ ሄዱ። ብሩክታይት ወደ ቮልሷ ተጠጋች። ጋራዥ ከገባች ሌላ ሰው ይከፍታታል፣ ሌላ ሰው ይዘጋታል። የት ጋ እንደተሳሳተች ሳታውቅ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የካንዴላ መፍቻውን አነሣችና ከኋላ ጎንበስ አለች። በየፒስተኑ አናት እሳት የሚጭረውን ትኩስ ካንዴላ በጨርቅ እየያዘች አራቱንም ፈታች። ከአንዱ ወገን የወጡት ሁለቱ ደረቅ ናቸው። ከሌላው ወገን የወጡት ሁለቱ ዘይት ጠጥተዋል።

ሁለት ደህና፣ ሁለት ብልሽት፣ ያውም ጎን ለጎን። ጠረጴዛው ላይ እንዴት እንደተጋደመች አስታወሰች። ቀና ስትል ዳሞታ እንደ ሁልጊዜው ከጣሪያዎቹ በላይ ተቀምጧል። ፒስተን ዳሞታን ምን ያውቀዋል? ለፒስተን ላዩ የራሱ አናት ነው! አናታቸው ወደ ተራራው የነበረው የሁለቱ ፋሻ በዕድል ልክ ገባ። አናታቸው ወደ ሁምቦ የነበረው ሁለቱ ግን ፋሻቸውን ገልብጠው ታጠቁ።

ልትናገር ዞር ስትል ሀብታሙ ቀደማት።

«የኔ ጥፋት ነው፣ አባባ» አለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ፋሻዎቹን በስህተት የገጠምኩት እኔ ነኝ። ማንንም እንዳትቆጣ።»

«ጥፋቱን የሚያምን ልጅ ይባረክ!» አለ ከጎረቤቶቹ አንዱ። አባቷም የሀብታሙን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ሀብታሙ እህቱን ጠቀሳት። እጁን ጎትታ ከአቮካዶው ሥር ወሰደችው።

«ለምንድን ነው እንዲህ ያልከው?»

«ላድንሽ ነዋ! አንቺ መሆንሽን ካወቀ ሁለተኛ መፍቻ አያስነካሽም። 'ድሮስ ሴት!' እያሉ እስክታገቢ ድረስ ነው የሚያወሩብሽ። እኔ ችዬዋለሁ፣ ዝም በይ።»

ከልቡ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷ ግን ዝም ብላ ስትከርም ውስጧ እንዴት እንደነቀዘ ታውቃለች። ስሟን ሲወስድ ችላለች። የሱቁን ሰላምታ፣ ያንን ሁሉ ሀብትሽ ሀብትሽ ችላለች። አሁን ደግሞ ጥፋቷን ወሰደባት! ላቧን አንጠፍጥፋ፣ በገዛ እጇ የሠራችውን ጥፋት!

«የትኞቹን ነው በስህተት የገጠምከው?» አለችው።

«ምን?»

«ፋሻዎቹን። የትኞቹን?»

ሀብታሙ ጭንቅላቱን አከከ። ወደ ቮልሷ አየ፤ ወደ እህቱ አየ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረና አቃተው። «እኔ እንጃ፣ ብሩኬ።»

«በል እንግዲህ።»

ጋሽ ጩማ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲመለሱ ብሩክታይት አባቷ ፊት ቆማ ነበር። አራቱን ካንዴላዎች ጨርቅ ላይ ዘርግታ አሳየቻቸው። ላይ የሚለውን ቃል፣ ጠረጴዛውን፣ ዳሞታን፣ ሁሉንም ተናገረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ፒስተን ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ።

ጋሽ ጩማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወደ ዳሞታ! ጉድ እኮ ነው! የሶዶ ልጅ ካልሆነ ማን እንዲህ ይሳሳታል?»

አቶ ኤርካሎ አልሳቁም። «ታዲያ ያበላሸሻት አንቺ ነሽ?»

ከጎረቤቶቹ መሃል አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። አሁንም ወደ ኋላ መመለስ ይቻል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ ማን ነክቷት?»

«እውነቷን ነው፣ አባባ» አለ ሀብታሙ ቀስ ብሎ። «እኔ ፈትቼ ነው የተውኳት።»

አባቷ እጇን አዩ። ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር ዘይት የአንድ ቀን አይደለም፤ አመድና ሳሙና ያልቻለው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እራት አብረው ሲበሉ እንዴት ሳያዩት ቀሩ?

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ አባቷ።

«ስሠራት ውዬ ስሠራት ሳመሽ አላየኸኝም?»

ጋሽ ጩማ ጎንበስ ብለው የገመዱን ጫፍ ከቮልሷ መከላከያ ሥር አሳለፉ። «እና ኤርካሎ፣ ልጎትት ወይስ ልተው?»

ብሩክታይት ሄዳ ገመዱ የሚታሰርበት መከላከያ ላይ ተቀመጠች። ብረቱ የከሰዓቱን ፀሐይ ጠጥቶ ይሞቃል።

«ንገራቸው፣ አባባ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

«ምን ብዬ?»

«የገጠመቻት ልጄ ናት በላቸው። ያበላሸቻትም እሷ ናት፤ ከፍታ የምታስተካክላትም እሷ ናት በላቸው። ጮክ ብለህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»