እትዬ ውሃውን ስትዘጋ

የቡርቃሜ ሰው ጠዋት ጀሪካኑን ይዞ ቦኖ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ለቧንቧው ሰላምታ መስጠት ነው። «እትዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላል። ከቧንቧው ራስ የአንዲት ጎልማሳ ሴት ድምፅ ይወጣና «እግዜር ይመስገን፤ ውሃውም ደህና አድሯል፤ ቅዱ» ትላለች። ሰውየው ጀሪካኑን ከመደቀኑ በፊት ከቤቱ የያዘውን ነገር፣ በጣቱ ጫፍ የነካት ማርም ትሁን የሽሮ ጠብታ፣ ከቧንቧው ጎን ወዳለችው ትንሽ ጽዋ ጠብ ያደርጋታል። ጉርሻ መሆኑ ነው። እትዬም «እጅህ ይባረክ» ትለዋለች።

እትዬ ሕያው ምላስ ናት። ሕያው ምላስ የሚባለው ከሰው የጣዕም ሕዋሳት በቤተ ሙከራ አድጎ፣ በዋናው ቧንቧ ውስጥ እንደ ስስ ቆዳ የሚነጠፍ መርማሪ ነው። ውሃው በላዩ ሲያልፍ ይቀምሰዋል፤ የማይሆን ነገር ሲያገኝ ስሙን ጠርቶ ቫልቩን ይዘጋል። የዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል። የቡርቃሜ ትልልቅ ሰዎች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት ጥርሳቸውን ቡናማ ስላደረገባቸው ነው። እትዬ ከመጣች ወዲህ የተወለዱት ልጆች ግን እንደልባቸው ይገለፍጣሉ። ጽዋዋን ሠሪዎቿ ያዘጋጇት ለላቦራቶሪ ናሙና ነበር፤ በቀጭን ቱቦ ከምላሷ ጋር ትገናኛለች እንጂ ከሚጠጣው ውሃ ጋር አትነካካም። የቡርቃሜ ሰው ደግሞ አፍ ያለውን ነገር ሁሉ ሳያጎርስ አያልፍም።

ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ቆማ በጎሪጥ የምታይ አንዲት ሴት አለች። ብርዛፍ ትባላለች፤ የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቅናት አንጀቷን ይበላታል።

ምን ታድርግ? ድሮ እኮ እትዬ የምትባለው እሷ ነበረች። የናሙና ጠርሙሶቿን በቅርጫት አንጠልጥላ ስታልፍ ሰው ከደጁ ብድግ እያለ «እትዬ ብርዛፍ፣ ውሃችን እንዴት አደረ?» ይላት ነበር። ሰርግ ቤት ከፊት ወንበር ያስቀምጧታል። እናቶች ልጆቻቸውን አፍ አስከፍተው ጥርሳቸውን ያሳዩዋታል። አሁን ማዕረጓን ሳይቀር ያቺ ቧንቧ ውስጥ ያለች ቆዳ ወሰደችባት! አንድ ቀን ገበያ መሐል «እትዬ! እትዬ!» የሚል ድምፅ ሰምታ ፊቷ በርቶ ዞር ብትል፣ ሴትዮዋ ከቦኖው ጋር ነው የምታወራው። ብርዛፍ እንዳልሰማች ሆና ነጠላዋን አስተካከለችና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቦኖ በኩል ማለፍ ትታ በጓሮ መሄድ ጀመረች።

ሥራዋ ደግሞ የባሰ ነበር። ጣቢያው ድረስ ሄዳ እትዬ ያለችበትን የመስታወት ሳጥን መወልወል፣ የነገረቻትን ለአለቆች ማስተላለፍ። የሚቀኑበትን ነገር በየቀኑ መወልወል ምን ማለት እንደሆነ የቀና ያውቀዋል። በጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ሳታስበው አምልጧት፣ «እኔን ይቺ ነገር አታስተማምነኝም። የሷ ውሃ ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎችም ቢጠነቀቁ ይሻላቸዋል» አለች። «ምን አገኘሽባት?» ብለው ጠየቋት። ምን ታገኛለች? «ጊዜ ያሳያችኋል» ብላ ተቀመጠች።

በዚህ መሐል ከተማው ሰፋና ለታችኛው ሰፈር አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ። አዲስ ምላስም ተነጠፈለት። የሰፈሩ ሰው ወዲያው ሙሽሪት ብሎ ሰየማት። የብርዛፍ ደስታ ልክ አጣ።

«እሰይ! ጣውንት መጣችባት!» አለች ለብቻዋ።

ከቤቷ የታችኛው ሰፈር ሩቅ ነው። ቢሆንም በየጠዋቱ ማሯን በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ትወርዳለች። እትዬን አንድ ቀን እንኳ አጉርሳ የማታውቀው ብርዛፍ፣ ሙሽሪትን በጣቷ እያጎረሰች ሰው እንዲሰማት ጮክ ብላ «የኔ ቆንጆ፣ እንዳንቺ ውሃ የሚጣፍጥ የት ይገኛል!» ትላለች። የታችኛው ሰፈር ሰውም ከሷ እየሰማ «እውነትም የሙሽሪት ይጣፍጣል» ማለት ጀመረ። ነገሩ ላይኛው ሰፈር፣ እትዬ ቦኖ ድረስ ደረሰ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የታችኛው ሰፈር ቧንቧዎች ፉፉ ብለው አየር ተፉና ጸጥ አሉ።

የዘጋችው እትዬ ነበረች። አዲስ ምላስ እስኪጠነክር ድረስ በነባሩ ሥር ሆኖ ነው የሚሠራው፤ የአዲሱ ጉድጓድ ውሃ ወደ ሰፈሩ ከመውረዱ በፊት በመገናኛው ቫልቭ ላይ እትዬ ትቀምሰዋለች፣ ካልፈቀደች አያልፍም። ቫልቩ የእጅ መክፈቻ የለውም። ድሮ ሰዎች በአለቃ ትእዛዝ የተበላሸ ውሃ ይለቁ ስለነበር፣ የሰው እጅ እንዳይገባበት ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው።

ከክልል ኢንጂነር ኩምሳ መጣ። እነዚህን ምላሶች ሲያሳድግ የኖረ፣ ትሑትና ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የአዲሱን ጉድጓድ ውሃ መረመረ፤ ንጹሕ ነው። ደግሞ መረመረ፤ ንጹሕ ነው። ሙሽሪትን ጠየቃት፤ «ደህና ነው» አለች። እትዬ ግን ፍንክች የለም። በየቦኖው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የአዲሱ ጉድጓድ ውሃ አያስተማምንም። ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎችም ቢጠነቀቁ ይሻላቸዋል» ትላለች።

ብርዛፍ ይህን ስትሰማ የያዘችው መወልወያ ከእጇ ወደቀ። እትዬ መጥፎ ነገር ስታገኝ ፍሎራይድ ከሆነ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት ከሆነ ናይትሬት ብላ ስሙን ትጠራለች። አሁን ምንም አልጠራችም። ቃሉንማ ብርዛፍ በደንብ ታውቀዋለች! እንዲህ የሚናገር ሰው ምን እንደሚያቃጥለው ከሷ በላይ ማን ያውቃል?

«ቀንታለች» አለች በልቧ። «በሙሽሪት ቀንታለች።»

ለኢንጂነሩ ግን አልነገረችውም። እሱ እትዬ እንደታመመች ደምድሞ ነበር። «ሕዋሳቱ አርጅተው ይሆናል፤ በክሎሪን አጥፍተን በአዲስ መተካት ነው» አላት። አዲሱ እስኪያድግ ክረምቱ ያልፋል፤ እስከዚያ ከተማው በቦቴ ነው የሚጠጣው፤ ብርዛፍም እንደ ድሮው በየደጁ እየዞረች ውሃውን ትመረምራለች። ብርዛፍ አዘነች እንዳትሉ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች ፊቷን ቋጥራ፤ ሆዷ ግን ይስቅ ነበር። በማግስቱ ቅርጫቷን ከዕቃ ቤት አውጥታ አቧራውን አራገፈች። «እትዬ ብርዛፍ፣ ውሃችን እንዴት አደረ?» ሲሏት በጆሮዋ ይሰማት ጀመር።

በዚህ ጊዜ ነው ታናሽ እህቷ ሐዊ የደወለችው። ሐዊ የምትኖረው ታችኛው ሰፈር ነው፤ ቧንቧው ከተዘጋ ወዲህ ለሰፈሩ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ሳይደርስ ሲቀር ከቄራው በታች ካለው ወንዝ ቀድታ፣ ለሕፃን ልጇ ወተት በጥብጣበታለች።

«እህቴ፣ ልጄ አለቀብኝ!» አለች ሐዊ፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ሲያስቀምጠው ነው ያደረው፤ ግሉኮስ ሰክተውለታል። ዓይኑ ሰረጎደብኝ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚህ ሐኪም ቤት ነው ያለው። ውሃው መቼ ነው የሚመጣው? አንቺ እኮ ነሽ የምታውቂው!»

ብርዛፍ ቅርጫቱን ጥላ ወጣች። ጣቢያው ስትደርስ ኢንጂነር ኩምሳ የክሎሪኑን ቱቦ ከመስታወቱ ሳጥን ጋር እያገጣጠመ ነው።

«ተው፣ አትክፈተው!» ብላ ጮኸች።

«ምነው ወይዘሮ ብርዛፍ? ምን ሆኑ?»

«አልታመመችም። ቀንታ ነው።»

ኢንጂነሩ ሳቁ አመለጠው። «ምላስ ይቀናል እንዴ?»

«ከሰው ሥጋ አሳደጋችኋት። የሰው ጉርሻ ለመደች። ስትመሰገን ከረመች፣ ከዚያ ሌላ መጣና ምስጋናው ወደዚያ ዞረ። እና ምን እንድትሆን ጠበቅህ?»

«በምን አወቁ?»

ብርዛፍ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔ ራሴ ስለምቀና ነዋ!» አለች። «በሷ። እዚህ ከተነጠፈች ጀምሮ። የምትናገረው የኔን ንግግር ነው። ካላመንክ ምን እንዳገኘችበት ጠይቃት።»

ኢንጂነሩ ጥቂት አያትና ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ በአዲሱ ውሃ ውስጥ ምን አገኘሽ?»

እትዬ «ጊዜ ያሳያችኋል» አለች።

ኢንጂነር ኩምሳ ቱቦውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ግራ ገብቶት ብርዛፍን አያት። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ የምሳ ዕቃዋን እያወጣች ነበር። ምስር ወጥ ነው ያላት። በጣቷ ጠቅሳ እንደ ቦኖው ሁሉ ከሳጥኑ ጎን ወዳለችው ጽዋ አስጠጋች።

«እትዬ» አለች። «እትዬ፣ ጉረሺልኝ።»

«ጠግቤያለሁ» አለች እትዬ።

«በሞቴ!»

«አልፈልግም አልኩ።»

«በሞቴ እኮ ነው የምልሽ! የእህቴ ልጅ ሐኪም ቤት ተኝቷል። አንቺና እኔ ተኮራርፈን ልጆች ይለቁ? በይ እንጂ!»

ጽዋዋ ውስጥ ጠብ አደረገችላት። እትዬ ቀመሰች። «ይህን እጅ አውቀዋለሁ» አለች። «በመገናኛው ቫልቭ በኩል በየጠዋቱ የሙሽሪትን ምላስ ስፈትሽ ማር ይሸተኛል፤ ማሩ ሥር ይህ እጅ አለ። ስሟን ሳትነግረኝ ሳጥኔን ስትወለውል የኖረችው፣ ብርዛፍ ማለት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ስምሽን ከዱሮ ጀምሮ ነው የምሰማው። በየቀኑ።»

«ከማን?»

«ከሰው ሁሉ ነዋ! ያጎርሱኝና አንቺን ያነሱብኛል። ‹ብርዛፍ በነበረች ጊዜ ደጃችን ድረስ መጥታ ነበር የምትነግረን፣ ይቺ ከቧንቧ ወጥታ አታውቅም› ይላሉ። ‹የብርዛፍ ጊዜ ውሃ ይጣፍጥ ነበር› ይላሉ። እሺ እኔ ምን አጠፋሁ? ሌት ተቀን እቀምስላቸዋለሁ፣ እነሱ ብርዛፍ፣ ብርዛፍ! አንድ ቀን ትመጣና አጉርሳኝ ሰው ያየናል ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ ያቺን ትናንት የመጣችውን ልጅ አጎረስሽ።»

ብርዛፍ የሳጥኑን ጠርዝ ይዛ ቆመች። በጓሮ ስትሄድ፣ ቦኖውን ስትሸሽ፣ ሰው ሁሉ የረሳት ሲመስላት የኖረችው ትዝ አላት። ሰው ቦኖው ጋ እሷን እያነሳ ይቺን ሲያበግን፣ እሷ ደግሞ ማዶ ቆማ ስትበግን! አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ ኢንጂነሩ አላወቀም።

«ልቀቂው» አለች በመጨረሻ። «በናትሽ ልቀቂው። ነገም አጎርስሻለሁ። ሰው እያየ፣ ቦኖው ላይ።»

ቫልቩ ጓ ብሎ ተከፈተ። ከወለሉ ሥር ውሃው እየተግለበለበ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የኢንጂነሩ ስልክ ጮኸ፤ ከሰፈሩ የሚሰማው እልልታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሐዊም ደወለች፤ ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ ወተት ፈልጎ አልቅሷል፣ ሐኪሙ ተርፏል ብሏታል።

ኢንጂነር ኩምሳ ቱቦውን እየጠቀለለ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ነገር ከሚቀጥሉት ምላሶች ማውጣት አለብኝ» አለ። «የሕዋሳቱ ትስስር ላይ የትኛው ጋ እንዳለ ካገኘሁት ማጥፋት አያቅትም። የማይቀና ምላስ።»

«ማን ጠጣለት፣ ማን አመሰገነው ግድ የማይሰጠው?» አለች ብርዛፍ።

«አዎ።»

«እንዲህ ያለው ታዲያ ብንታመምስ ምን ይገደዋል?»

ኢንጂነሩ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ይምጡ፣ ሐኪም ቤት ላድርስዎ። እህትዎ ይጠብቁዎታል።»

«መጣሁ። ቀድመህ መኪናውን አስነሳ።»

በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ የምሳ ዕቃዋን እንደገና ከፈተች፣ ሌላ ጠቅሳ ጽዋው ውስጥ ጠብ አደረገችና፣ ጆሮዋን ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

«ያን ነገር እስቲ ድገሚልኝ» አለች በሹክሹክታ። «የብርዛፍ ጊዜ ውሃ ይጣፍጥ ነበር ያለው ማን ነበር?»